ቀማሹ የዋጠው

እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ፖሊስ የደወለችው ሴት አላለቀሰችም። ስሟ ፅጌረዳ መኩሪያ እንደሚባል፣ ቤቷም መካኒሳ አቦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መሆኑን በዝግታ አስረድታ፣ «አባቴን የገደልኩት ይመስለኛል» አለች። ወዲያው አንድ ወንድ ስልኩን ተቀብሏት፣ «ይቅርታ፣ ባለቤቷ ነኝ፤ ደንግጣ ነው። አባባ የልብ ሕመምተኛ ነበሩ» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን ያነሳችው ኢንስፔክተር ገዲሴ ዲንሳ ነበረች። በሃያ ሁለት ዓመት የምርመራ ሥራዋ «እኔ አይደለሁም» የሚል ገዳይ እንጂ «ይመስለኛል» የሚል ገጥሟት አያውቅም። ቦርሳዋን አንግታ ሳጅን አብዶን ከወንበሩ አስነሳችው።

ጡረታ ሊወጣ ሰባት ወር የቀረው አብዶ እሁድን አይወድም። «የልብ ሕመምተኛ ሽማግሌ በሰንበት ቢሞት ምኑ ይመረመራል?» አለ፣ መኪናው ውስጥ ሲገቡ።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። ይህን ያህል ዘመን ገንፎ ስበላ ግን አንድም ቀን አላገኘሁም።»

ግቢው ጠባብ ነው። ከውጭው በር እስከ ሳሎኑ ደረጃ ድረስ በእንጨት ዳስ ላይ የተዘረጋ የወይን ሐረግ አጥልቶበታል፤ ገዲሴ ግንዶቹን ቆጠረች፣ ዘጠኝ ናቸው። አቶ መኩሪያ ከጠረጴዛው ራስጌ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው፣ ለእንግዳ የተላጩ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ። ፊታቸው እስከ አንገታቸው ድረስ ቀልቷል። ከጎረቤት ተጠርቶ የመጣው ሐኪም «ልብ ይመስላል፤ ይሄ መቅላት ግን አላማረኝም» ብሎ ዞር አለ።

ጠረጴዛው ላይ አምስት ጠርሙስ ተደርድሯል። በየጠርሙሱ ላይ በእጅ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት ተለጥፏል፤ ከ2005 ይጀምርና በ1998፣ በ1991፣ በ1985 አልፎ 1979 ላይ ያበቃል። በሦስት ወንበሮች ፊት አምስት አምስት ትንንሽ ብርጭቆና አንዳንድ የመትፊያ ጣሳ አለ። ከጣሳዎቹ አንዱ ደረቅ ነው። ከሟቹ ብርጭቆዎች አራቱ እስከ ግማሽ ወይን ይዘዋል፤ አምስተኛው ባዶ ነው።

«አራቱን ቀምሰው ተፍተዋል፤ አምስተኛውን ጠጥተውታል» አለች ገዲሴ። አብዶ ጻፈው።

ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። ልጅየዋ ፅጌረዳ፣ ጀሞ ትምህርት ቤት የምታስተምር የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት። ሀና ማርያም መንገድ ላይ መድኃኒት መደብር ያለው ባሏ ቃለሕይወት። ሁለቱም የሚኖሩት እዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባለው ሰርቪስ ቤት ነው። ሦስተኛው የሟቹ የሥራ ባልደረባ ጋሽ ዳኜ ናቸው፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች በአንድ የወይን ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። አራተኛዋ ሚካል የምትባል፣ ዝዋይ አካባቢ ወይን ልትተክል መሬት ያዘጋጀች ወጣት ነች። ገዲሴ ከእሷ ጀመረች። ሚካል ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ጥቁር ዶቃን ፍለጋ። ውጭ ያሉትን ዘጠኝ ግንዶች ማለቴ ነው። ይሄ የወይን ዓይነት ሌላ ቦታ የለም። ጋሽ መኩሪያ ችግኝ የሚሆን ቅርንጫፍ እንዲሰጡኝ አንድ ዓመት ለመንኳቸው። ‹መጀመሪያ ነይና ቅመሺው፤ የሚወጣውን የማታውቂውን ነገር አትተክይም› አሉኝ። ከወር በፊት ቀን ቆረጡልኝ።»

«እሺ፤ ቅምሻው እንዴት ነበር?»

«መጀመሪያ ደህና ነበሩ። ከሁለተኛው በኋላ ፊታቸው መቅላት ጀመረ። ‹ሞቀኝ› ብለው መስኮት አስከፈቱ። አምስተኛውን፣ የሰባ ዘጠኙን አፋቸው ውስጥ ሲያገላብጡት ግን ዝም አሉ። ወደ ማድ ቤቱ በር አዩ። ከዚያ የቀረውን አንስተው ጨለጡትና ‹ከሁሉም ይበልጣል› አሉ። ሃያ ደቂቃ አልቆዩም፣ መተንፈስ አቃታቸው።»

«ማድ ቤት ማን ነበር?»

«ፅጌረዳ። ሲጠጡ አላየችም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር።»

«ሰባ ዘጠኙ ላንቺስ እንዴት ነበር?»

ሚካል አመነታች። «ጣፋጭ ነው። እሳቸው ከሁሉም ይበልጣል ካሉ እኔ ማን ነኝ?»

ጋሽ ዳኜን ያገኘቻቸው ዳሱ ሥር ነው። ሽታቸው ከሩቅ ይጣራል፤ ደረቁ ጣሳ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ገዲሴ ሆለታ ውስጥ አረቄ ከምታወጣ እናት ተወልዳ በጋንና በቧንቧ መካከል ነው ያደገችው። ሰዎች ስለ ዓይኗ ያወራሉ እንጂ ብዙውን ነገር የምታገኘው በአፍንጫዋ ነበር።

«አምስቱንም ዋጧቸው፣ ጋሽ ዳኜ?»

«አዎ። ከመጣው ጠርሙስ ሁሉ። ይኸው አለሁ፤ የሚያሳዝነው እሱ ነው።»

«ለመሆኑ ይሄ ምን ዓይነት ወይን ነው?»

«ወይኑ ገና እየፈላ፣ ስኳሩ ሳያልቅ፣ ንጹሕ አልኮል ትጨምሪበታለሽ። መፍላቱ ቀጥ ይላል። ጣፋጭነቱ ይቀራል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ከዚያ መተው ነው፤ ሃያ ዓመት፣ ሠላሳ ዓመት። አልኮሉን የማወጣለት እኔ ነበርኩ። ሐረጉን ያመጣልን የፋብሪካው አለቃ፣ አንድ አርመናዊ ነው። አገር ጥሎ ሲሄድ ዘጠኝ ችግኝ ለሁለታችን ተወልን። ፍሬው ትናንሽ ስለሆነ ጥቁር ዶቃ አልነው። መኩሪያ ግቢ ነበረው፣ ተከለው። እኔ የቀበሌ ቤት ነበርኩ።»

«ይቀኑባቸው ነበር?»

«ዕድሜዬን ሙሉ። ቅናት ቢገድል ኖሮ ቀድሜ የምሞተው እኔ ነኝ።»

«አራቱን ተፍተው አምስተኛውን ብቻ ለምን ዋጡት?»

«የድሮ ቀማሽ ወረቀት አይጽፍም፣ ልጄ። ሁሉን ትተፊያለሽ፤ የመረጥሽውን ብቻ ትውጫለሽ። አንዴ ከዋጥሽ ክርክር የለም፣ ፍርዱ እሱ ነው።»

«እርስዎ ግን ሁሉንም ዋጡ።»

«እኔ ሁሉንም እመርጣለሁ» አሉ ጋሽ ዳኜ፤ ፈገግታው ግን ፊታቸው ላይ አልቆየም። «ዛሬ ድርድሩ ራሱ ተገልብጦ ነበር። እኛ ከአሮጌው ነው የምንጀምረው፣ ምላስ ንጹሕ ሳለ። ጠረጴዛውን ያዘጋጀው አማቹ ነው፤ ሰባ ዘጠኙን መጨረሻ አደረገው። መኩሪያም ‹ተዉት፣ ምን ያውቃል› ብሎ አለፈው።»

«ሌላ ያስተዋሉት ነገር አለ?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «ከቅምሻ በፊት አንድ ሳምንት ምላሱን ያሳርፋል። በርበሬ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ሽንኩርት የለ። ልጁ የምትሠራለትን ነጭ ገንፎ ብቻ ነው የሚበላው። ዓርብ ዕለት ‹ገንፎው ብረት ብረት ይለኛል› አለኝ። ‹ታዲያ ለምን ትበላዋለህ?› ስለው ‹ልጄ ሠርታው እንዴት እተፋለሁ› አለኝ።»

አብዶ ብዕሩን አቆመ። ገንፎን የሚመለከተውን ተረት አስታውሶ ነው፤ ከዚያ አጎንብሶ ጻፈው።

ቃለሕይወት መልኩ የረጋ፣ ካራቫቱ የተስተካከለ ሰው ነው። ሲያወራ ቅርንፉድ ያኝካል፤ አፉ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል።

«እኔ አልጠጣም» አለ። «መጠጥ ሲከፈት እንዲያውም ከቤት እወጣለሁ። አባባም ያውቃሉ።»

«ዛሬ ግን አልወጡም።»

«እንግዳ ስላለ። እንዳይደክሙ ብዬ ነው ጠረጴዛውን ያዘጋጀሁት። አራቱ በሰም የታሸገ ጠርሙስ ናቸው፤ የሰባ ዘጠኙን ብቻ ጓዳ ካለው ትልቅ ጋን፣ ከደምበጃኑ ቀዳሁላቸው።»

«ሲጠጡት አዩ?»

«ከፊታቸው ተቀምጬ ነበር» አለና ቅርንፉዱን ማኘክ አቆመ። «ልባቸው እንደሆነ አልተጠራጠርኩም።»

ፅጌረዳን ማድ ቤት አገኘቻት። የታጠበ ድስት እያጠበች ነበር። ትልቅ ሰው ነች፣ ተማሪ ፊት ቆማ የምታዝ ሴት፤ አሁን ግን ትከሻዋ እንደ ልጅ ተሰብስቧል።

«ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ» አለች ገዲሴ። «አባቴን የገደልኩት ይመስለኛል አልሽኝ።»

«ደንግጬ ነው።»

ቃሉ የባሏ ነበር። ገዲሴ አልገፋቻትም። ምድጃው አጠገብ ወዳለው ትልቅ ድስት ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

«ዘቢብ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ለጌታ እራት ወይን አንጠቀምም፤ ዘቢብ ተቀቅሎ ጭማቂው ነው የሚቀርበው። የሚያዘጋጀው ባለቤቴ ነው።» ድምፅዋ ትንሽ ቀና አለ። «ከመጠጥ ከተላቀቀ አሥር ዓመቱ ነው። በጉባኤ ፊት መስክሯል።»

ወይኑ የሚቀመጥበት ጓዳ ከማድ ቤቱ ቀጥሎ ነው። ቁልፉ በሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ይደርስበታል። ጥግ ላይ በሰሌን የተጠቀለለ ትልቅ የብርጭቆ ጋን፣ ደምበጃኑ፣ እስከ አንገቱ ሞልቶ ቆሟል። ከጀርባው፣ ከጆንያ ሥር፣ ገዲሴ አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን ጎማ ጎትታ አወጣች። አንዱ ጫፍ ወይን ወይን ይላል። ሌላውን ጫፍ አሸተተችና ለአብዶ ሰጠችው።

«ቅርንፉድ» አለ አብዶ።

ጋሽ ዳኜ ጎማውን ሲያዩ ተቆጡ። «መኩሪያ ጎማ አያስገባበትም፣ ሽታ ይይዛል። ዘንበል አድርጎ ነው የሚቀዳው።»

ከመሄዷ በፊት ሰማንያ አምስቱንና ሰባ ዘጠኙን ጎን ለጎን አድርጋ አሸተተች። ሰማንያ አምስቱ የቆየ ማር፣ ተምርና ያረጀ ቆዳ ይሸታል፤ ዝቃጩ እንደ ቅርፊት ከጠርሙሱ ጋር ተጣብቋል። ሰባ ዘጠኙ በስድስት ዓመት ይበልጠዋል። ግን ጠርሙሱን ስታነቃንቀው ቀላል ደመና ተነሳ፣ ሽታውም ትላንት የወረደ ነገር ሽታ ነበር። ሆለታን አስታወሳት። አንድ ሕፃን የሚለየውን ነገር የሠላሳ ዓመት ቀማሽ «ከሁሉም ይበልጣል» ማለቱ ሌሊቱን ሙሉ ከነከናት።

ማክሰኞ ዕለት አስከሬኑ ተመርምሮ ተመለሰና አቶ መኩሪያ አቦ ተቀበሩ። መርማሪው ሐኪም በስልክ «ልቡ ነው የቆመው። የታወቀ መርዝ አላገኘሁም፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ገንፎና ወይን ነው። የቀረው ውጤት ይቆያል» ብሏት ነበር። ከቀብር ሲመለሱ ገዲሴ የፅጌረዳን ክንድ ይዛ ከሰው ወደ ኋላ አስቀረቻት።

«ገንፎው ውስጥ ምን ነበር፣ ፅጌ?»

ፅጌረዳ ጥያቄውን ስትጠብቅ የከረመች መሰለች። «ኪኒን። መጠጥ የሚያስተው። ከሐሙስ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ፈጭቼ ጨመርኩበት።»

«ለምን?»

«ሦስት ቀን ጠዋት ጓዳው ውስጥ የረጠበ ብርጭቆ አገኘሁ። ሐኪሙ ከእንግዲህ አንድ ብርጭቆ ከጠጣ ልቡ አይችልም ብሎኛል። ተደብቆ የሚጠጣ መሰለኝ። መጠየቅ አፈርኩ፤ አባቴን እንዴት ‹ሰካራም ሆነሃል ወይ› እላለሁ? እሁድ ደግሞ ቅምሻ ነው፣ ይተፋል፣ ምንም አይሆንም አልኩ። የሰባ ዘጠኙን እንደዋጠ የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው።»

«ኪኒኑን ከየት አመጣሽው?»

ፅጌረዳ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ገዛሁት» አለች ፅጌረዳ። መዋሸት የማትችል ሴት ናት፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። «እሰሩኝ። እኔ ነኝ ያበላሁት።»

«ሳልስቱ ይውጣ» አለች ገዲሴ።

ሐሙስ፣ በሳልስቱ፣ የዕድሩ ድንኳን ሲነቀል አራቱም በሳሎኑ ተሰበሰቡ። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ወንበሮች፤ ባለመደገፊያው ብቻ ባዶ ነው። ገዲሴ ከኋላው ቆመች። አብዶ በሩ ላይ ተደገፈ።

«አስቀድሜ የምናገረው አለ» አለች። «በዚህ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ሰው አላገኘሁም። ሚካል፣ ቦርሳሽን ለምን እንደዚያ እንደያዝሽው ልንገራቸው?»

ሚካል ፊቷን ሸፈነች። «ቅርንጫፎቹ ናቸው። ሐኪም ሊጠሩ ሲሯሯጡ... ወጣሁና ቆረጥኩ። ከእንግዲህ ማን ይሰጠኛል ብዬ። በሕይወት ነበሩ ገና።»

«ጋሽ ዳኜ፣ ሰባ ዘጠኙ ወይን እንዳልነበረ አፍዎ ውስጥ እንደገባ አውቀዋል።»

«አውቄያለሁ።» ሽማግሌው ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ዘቢብ ነው። መኩሪያ ‹ከሁሉም ይበልጣል› ሲል ደስ አለኝ። ‹በመጨረሻ ምላሱ ሞተ፣ አሁን እኔ እበልጠዋለሁ› አልኩ። ጓደኛዬ እየሞተ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እሺ። ነገሩን ከመጀመሪያው እንየው። መርዝ ወይኑ ውስጥ ነበር? ጋሽ ዳኜ ከየጠርሙሱ ዋጡ፣ አሉ። ብርጭቆው ላይ ነበር? አቶ መኩሪያ አምስተኛውን ከመንካታቸው በፊት፣ ከሁለተኛው ጀምሮ፣ ፊታቸው ቀልቷል፤ መስኮት አስከፍተዋል። ስለዚህ ነገሩ ከቅምሻው በፊት ሰውነታቸው ውስጥ ነበር። አፍ ውስጥ ገብቶ የሚተፋው ጥቂት ወይን እንኳ የሚያስቆጣው ነገር። እንደዚህ የሚያደርገውን አንድ መድኃኒት አውቃለሁ፤ ሰው መጠጥ እንዲተው የሚሰጠው ኪኒን ነው። ሐኪም ሳይፈቅድ ለልብ ሕመምተኛ አይሰጥም። ከወይን ጋር ከተገናኘ...» አልጨረሰችውም።

«በገንፎው አበላሁት» አለች ፅጌረዳ ሳትጠየቅ። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ። ግን ገንፎውን የበላ ሰው ካልጠጣ አይሞትም። አባትሽ ደግሞ ተፊ ናቸው። እና ጥያቄው ሌላ ነው፤ ሠላሳ ዓመት የቀመሰ ሰው መጥፎውን ብርጭቆ ለምን ዋጠ?»

ጎማውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ደምበጃኑ ሞልቷል፤ ውስጡ ያለው ግን የሰባ ዘጠኝ ወይን አይደለም፣ አረቄ የተጨመረበት ዘቢብ ነው። አንድ ሰው በጎማ እየሳበ ለወራት ጠጥቶታል፤ እንዳይታወቅም በጎደለ ቁጥር ሞልቶታል። ዘቢብ ማን አለው? ጋሽ ዳኜ በየወሩ በአምስት ለአቦ ዘቢብ ያስገባሉ።»

«አዎ፣ ስለቴ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«ጥሬውን ነው የሚያስረክቡት። በቤተ ክርስቲያኑ ቤተልሔም ውስጥ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል እንጂ እሳት አይነካውም። ይሄኛው ግን ተቀቅሏል፣ ድስቱ ሥር ትንሽ አርሯል። ይህን ሽታ ያገኘሁት በዚህ ቤት ማድ ቤት ነው። ጎማው አፍ የሚነካው ጫፍ ላይ ደግሞ ቅርንፉድ አለ።»

ፅጌረዳ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ቃለሕይወት ጠረጴዛውን ያያል።

«አቶ ቃለሕይወት መጠጥ ሲከፈት ከቤት የሚወጡ ሰው ናቸው። እሁድ ግን ጠረጴዛ ደረደሩ፣ ሰባ ዘጠኙን ራሳቸው ቀዱ፣ ልማዱን ገልብጠው መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። የቅምሻው ቀን ከተቆረጠ ወር ሆኖታል። ያን ጠርሙስ አቶ መኩሪያ አፍ ውስጥ ባስገቡት ቅጽበት ሁሉም ነገር ይገለጣል። ሚስታቸው የረጠበ ብርጭቆ አገኘሁ ብላ ስታለቅስ መላው መጣላቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ‹ጠጪው አባትሽ ነው፣ ይህን ኪኒን ስጪው› አሏት። ልክ ነኝ?»

«ገዛሁት ብያለሁ» አለች ፅጌረዳ፣ ዓይኗን ከባሏ ላይ ሳትነቅል።

«ተዪው፣ ፅጌ» አለ ቃለሕይወት። የረጋው መልኩ ፈረሰ። «እኔ ነኝ ያመጣሁላት። ከሁለት ዓመት በፊት እንደገና ጀመረኝ። በጉባኤ መስክሬያለሁ፤ ሰዎች በእኔ ምስክርነት መጠጥ ትተዋል። ምን ብዬ እመለሳለሁ? እንዲሞቱ አልፈለግኩም። በመጀመሪያው ብርጭቆ ያመማቸዋል፣ ቅምሻው ይቀራል፣ እስከዚያ ደምበጃኑን በሆነ ዘዴ እሰብረዋለሁ አልኩ። የሚተፉ መሆኑን አላወቅኩም። መጠጥ የሚተፋ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«በመጀመሪያው ብርጭቆ ላይ ሲተፉ ግን አዩ። በአራቱም አዩ።»

«አየሁ።»

«አምስተኛውን አፋቸው ውስጥ ሲያስገቡ ዘቢቡንም ቅርንፉዱንም አገኙት። በዚህ ቤት ቅርንፉድ የሚያኝከው አንድ ሰው ነው። ወደ ማድ ቤቱ ያዩት ለዚህ ነው። እንግዳ ተቀምጧል፣ ልጃቸው ሁለት ሜትር ላይ ቆማለች። ከሁሉም ያረጀውን ሳይመርጡ ቢተፉት ‹ይሄ ምን ሆነ፣ ማን ነካው› መባሉ ነው፤ የልጃቸው ትዳር ገመና እዚህ ጠረጴዛ ላይ ይሰጣል። ቀማሽ የመረጠውን ይውጣል። ስለዚህ መረጡት። ሆድ ይፍጀው ብለው፣ ለእርስዎ ሲሉ፣ ነውሩን ከነብርጭቆው ዋጡት።» ገዲሴ ድምፅዋን አላነሳችም። «እርስዎ ከፊታቸው ነበሩ። ኪኒኑ ሆዳቸው ውስጥ እንዳለ፣ ልባቸው እንደማይችል፣ ከሁላችን ይበልጥ ያውቁ ነበር፤ መድኃኒት ሻጭ ነዎት። ብርጭቆው ከጠረጴዛው ተነስቶ አፍ እስኪደርስ ጊዜ አለ። ‹አይጠጡት› ማለት ይበቃ ነበር። ወይን ሰርቆ በዘቢብ መሙላትማ እስከዚህ አያደርስም። የገደለው ያ ዝምታ ነው።»

«አፌን ከፍቼ ነበር» አለ ቃለሕይወት። «እያዩኝ ነበር የጠጡት። ካወጣሁት ሁሉም ያውቃል ብዬ... ዘጋሁት።»

ፅጌረዳ አልጮኸችም። ከወንበሯ ተነሳችና የአባቷን ባዶ ወንበር ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች፣ ሰው ሊቀመጥበት እንደሚመጣ ሁሉ። አብዶ የባሏን ክንድ ይዞ ወጣ።

ሚካል ዘጠኙን ቅርንጫፎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። ፅጌረዳ መልሳ ሰጠቻት። «ትከያቸው። ሊሰጥሽ ነበር የጠራሽ» አለች፤ ሚካል ቅርንጫፎቹን እንደያዘች አቀፈቻት።

ገዲሴ ዳሱ ሥር ስትደርስ የእግር ኮቴ ተከተላት። ጋሽ ዳኜ ቀድመው ወጥተው ግንዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ኢንስፔክተር፣ ለቃሌ ነገ እመጣለሁ። የሚፈረድብኝን እቀበላለሁ» አለች ፅጌረዳ። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አባዬ በምላሱ ጨውና ጨው ይለይ ነበር። ገንፎው ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ አውቆ ነው የበላው?»

ሐረጉ ላይ ንብ ይዞራል። ጋሽ ዳኜ ቀና ብለው ገዲሴን አዩ። ገዲሴም አየቻቸው። ይህች ሴት በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለተጠርጣሪ ብዙ ጊዜ ዋሽታለች፣ ለሐዘንተኛ ግን አንድም ቀን።

«አላወቁም» አለች። «ነጭ ገንፎ ነው የመሰላቸው። ጥሩ ነበር ብለዋል፤ ጋሽ ዳኜን ጠይቂያቸው።»

«ጥሩ ነው ብሎኛል» አሉ ጋሽ ዳኜ፣ መሬት መሬት እያዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀኑበት ለኖሩት ሰው ያደረጉት የመጀመሪያው ውለታ ነበር።

ፅጌረዳ ያኔ አለቀሰች። ከእሁድ ጀምሮ ያልወጣው እንባ ነው የወጣው። ሽማግሌው ተነስተው ራሷን ደረታቸው ላይ አስጠጉ።

መኪናው አስፋልቱ ላይ ከወጣ በኋላ አብዶ ማስታወሻ ደብተሩን ገለጠ። «ዓርብ፣ ብረት ብረት ይላል፣ ልጄ ሠርታው እንዴት እተፋለሁ። እዚህ ጽፌዋለሁ። ሪፖርቱ ላይ ይግባ?»

ገዲሴ ወደ መስኮቱ ዞረች። የመካኒሳ ታክሲዎች ጀሞ ጀሞ እያሉ ይጣራሉ። አብዶ ትንሽ ጠበቃትና ገጹን ቀድዶ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። አፏን ብረት ብረት ይላት ነበር፤ ዋጠችው።